ከአንጀት ካንሰር ናሙና ላይ ምን ይነበባል? ውሳኔ የሚቀይሩት ጥቂት ፕሮቲኖች

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። ዕጢው ወጥቷል። ከዚያ የናሙናው ምርመራ (የፓቶሎጂ) ውጤት ይመጣል፤ "የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ደረጃ ሁለት" ይላል። ካንሰሩ የአንጀቱን ጡንቻ አልፎ ሄዷል፤ ንፍፊቶቹ ግን ንጹህ ናቸው። አሁን ታማሚውም ቤተሰቡም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ኬሞ ያስፈልጋል ወይስ ይሄ ይበቃል?

ሐቀኛው መልስ የምንጠብቀውን ያህል ቁርጥ ያለ አይደለም። ኳሳር የተባለው የብሪታንያ ጥናት ውጤቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከአሥሩ ዘጠኙ ደረጃ ሁለት ነበሩ። ሂሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ከ100 ታማሚዎች 80ዎቹ ያለ ኬሞም አምስት ዓመትን ይሻገራሉ ብንል፣ ኬሞው በዚህ ላይ የሚጨምረው ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። ሌላው ሰው ወይ ሳያስፈልገው ይወስደዋል፣ ወይ ወስዶትም አይተርፍም። ማቅለሽለሹ፣ ድካሙ፣ የኢንፌክሽን ስጋቱና ወጪው ግን ማንንም አይመርጥም።

እነዚያ ሦስት ወይም አራት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ቢቻልስ? ከዕጢው በተቆረጠ ናሙና ላይ ፕሮቲኖችን እየፈለጉ የበሽታውን አካሄድ ለመተንበይ የሚደረገው ምርምር መነሻው ይኸው ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ለዚህ ይጠቅማሉ ተብለው ቀርበዋል። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። የታማሚን ሕክምና ለመቀየር የበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አራቱ፣ በእኔ እምነት፣ ማንኛውም የአንጀት ካንሰር ታማሚ ሊመረመርባቸው ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታከመውም ጭምር።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር ይያዛሉ። ከ900 ሺህ በላይ ይሞታሉ። በገዳይነት ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። በአገራችንም በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ሆኗል። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ "ኪንታሮት ነው" ተብሎ ወራት ይባክናሉ።

ሁለት ጥያቄዎች ናቸው

"ትንበያ" ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ፣ ምንም ዓይነት ሕክምና ቢሰጥ ይህ ካንሰር ክፉ ነው ወይስ ገራገር የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህ መድኃኒት በዚህ ካንሰር ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ዝናብ ይመጣል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጃንጥላ ያስጥላል ማለት ደግሞ ሌላ። ካንሰሩ ክፉ መሆኑን የሚናገር ፕሮቲን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው ላይነግረን ይችላል። በሐኪሙ ክፍል ውሳኔ የሚያስቀይረው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ይህን ልዩነት ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በየካቲት 2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሴቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ፈቀደ። መድኃኒቱ የሚያጠቃው ኢጂኤፍአር የተባለ፣ በካንሰር ሕዋሱ ቆዳ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሰጠው ናሙናው ሲቀለም ይህ ፕሮቲን ለታየበት ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ነገሩ አሳማኝ ነበር። ዒላማው ከሌለ መድኃኒቱ ምን ይመታል?

በዓመቱ ከኒውዮርክ አንድ አነስተኛ ሪፖርት ወጣ። ፕሮቲኑ ያልታየባቸው 16 ታማሚዎች መድኃኒቱን ወስደው ነበር። የአራቱ ዕጢ በግልጽ ቀነሰ። ማለትም ምርመራው "አይሆንህም" ብሎ የሚመልሳቸው ሰዎች ይጠቀሙ ነበር። እውነተኛው በረኛ የተገኘው በ2008 ገደማ ነው። ኬራስ የተባለው ጂን ተለውጦ ከሆነ ሴቱክሲማብ አይሠራም፤ ካልተለወጠ ግን ዕድሜ ይጨምራል። ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ይህ የጂን ለውጥ አለባቸው። እስከዚያ ድረስ ምንም ሊጠቅማቸው የማይችል ውድ መድኃኒት፣ ቆዳ ከሚያቆስል ጉዳቱ ጋር፣ ሲወስዱ ቆይተዋል። በአንጻሩ መድኃኒቱ ሊሠራላቸው ይችል የነበሩ ሰዎች በፕሮቲን ቀለም ምክንያት ተከልክለዋል። አንድ ምርመራ አሳማኝ ስለሆነ ብቻ ወደ ሥራ ሲገባ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ሌሎቹ ፕሮቲኖች የወደቁበት ምክንያት ብዙም የተለየ አይደለም። ፒ53ን ያህል የተጠና ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል። የሕዋስ መባዛትን የሚለካው ኬአይ-67ም እንዲሁ። በአንዱ ጥናት ፕሮቲኑ የበዛበት ቶሎ ይሞታል፤ በሌላው ልዩነት የለም፤ በሦስተኛው ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው። አንዱ ላቦራቶሪ ፕሮቲኑን ለይቶ ለማቅለም የሚጠቀመው አንቲቦዲ ሌላው ጋ የለም። አንዱ "10 በመቶ ከተቀለመ አለ እላለሁ" ይላል፤ ሌላው 50 በመቶ ይጠብቃል። መስመሩ የሚሰመረውም ብዙ ጊዜ ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው። ውጤቱን አይቶ መስመር የሚያሰምር ሰው ደግሞ ሁሌም የሚያምር ልዩነት ያገኛል። የምርምር ጥራትን የሚያጠናው ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቹ በ2007 የካንሰር ትንበያ ምልክቶች ላይ የወጡ ጥናቶችን ሲፈትሹ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት "ምልክቱ ይሠራል" የሚሉ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እያንዳንዱ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ መቶ አስተማማኝ ምርመራ በኖረ ነበር።

ስለዚህ "ሳይንቲስቶች የአንጀት ካንሰርን መጨረሻ የሚናገር አዲስ ፕሮቲን አገኙ" የሚል ዜና ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ግኝቱ ፈጽሞ ሌላ ቦታ ባሉ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ደግሟል? ውጤቱ ቢታወቅስ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ለሁለተኛው መልስ ከሌለ ምርመራው ጭንቀት ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም።

አራቱ

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ፕሮቲኖች ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 ይባላሉ። ሥራቸው እርማት ነው። ሕዋስ ሲከፈል ዲኤንኤው ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ስህተት ይገባል። እነዚህ ፕሮቲኖች ስህተቱን እየፈለጉ ያስተካክላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከጠፋ ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከ100 የአንጀት ካንሰሮች 15 ያህሉ እንዲህ ዓይነት ናቸው።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው። በሰም ብሎክ ውስጥ ከተቀመጠው ናሙና አራት ማይክሮን የሚያህል ስስ ሽፋን ተቆርጦ ስላይድ ላይ ይደረጋል። ፕሮቲኑን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል። አንቲቦዲው የያዘበት ቦታ ቡናማ እንዲሆን ይቀለማል፤ የቀረው የሕዋሱ ኒውክሊየስ ሰማያዊ ይሆናል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ፕሮቲኑ ባለበት ካንሰር ላይ ኒውክሊየሶቹ በሙሉ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ፕሮቲኑ በጠፋበት ካንሰር ላይ ደግሞ ዕጢው ሰማያዊ ብቻ ይሆናል። እዚያው ስላይድ ላይ በካንሰሩ መሀል የገቡ ነጭ የደም ሕዋሶችና ዳር ላይ ያለው ጤነኛ አንጀት ግን ቡናማ ናቸው። ይህ ወሳኝ ነገር ነው። ጤነኛው ሕዋስ ካልተቀለመ ቀለሙ አልሠራም ማለት ነው እንጂ ፕሮቲኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ኢጂኤፍአርም ሆነ ወደ በኋላ የማነሳው ሲዲኤክስ2 የተባለ ፕሮቲን የመጠን ጉዳይ ናቸው፤ ስንት በመቶ፣ ምን ያህል ደማቅ የሚል ክርክር አለባቸው። እዚህ ግን ጥያቄው አለ ወይስ የለም ነው፤ መመሳከሪያውም እዚያው ስላይድ ላይ አለ። ለአራቱ ፕሮቲኖች ስኬት ትልቁ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደረጃ ሁለቱ ታማሚ እንመለስ። ከአራቱ አንዱ ከጠፋ፣ ዜናው ብዙ ጊዜ መልካም ነው። እንዲህ ያለው ደረጃ ሁለት ካንሰር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ፍሎሮዩራሲል የተባለው የተለመደው ኬሞ ለብቻው ሲሰጥ ደግሞ እነዚህን ሰዎች እንደማይጠቅም በ2003 እና በ2010 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ በአብዛኛው ኬሞው ይቀራል። አንድ ስላይድ ተነቦ ታማሚው ስድስት ወር መድኃኒት ከመውሰድ ይድናል።

ደረጃ ሦስት ላይ ታሪኩ ይለያል። ንፍፊቶቹ ስለተነኩ ኬሞው አይቀርም፤ ኦክሳሊፕላቲን ከተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት ጋር ይሰጣል። በ2025 በቺካጎ የካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቀረበው አቶሚክ የተሰኘ ጥናት ደግሞ፣ ከአራቱ ፕሮቲኖች አንዱ በጠፋባቸው 712 የደረጃ ሦስት ታማሚዎች ላይ ተደርጎ፣ በኬሞው ላይ አቴዞሊዙማብ የተባለ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ሲጨመር በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ያሉት ከ76.6 ወደ 86.4 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አሳየ።

ደረጃ አራት ላይ ይኸው ምልክት ፊቱን ይቀይራል። የተሰራጨ በሽታ ያለባቸው እንዲህ ዓይነት ሰዎች በኬሞ ብቻ ሲታከሙ ውጤታቸው ደካማ ነው። ኢሚውኖቴራፒ ግን ይሠራላቸዋል። ምክንያቱ የተጠራቀመው ስህተት ነው። ስህተት የበዛበት ሕዋስ ሰውነት የማያውቃቸውን ፕሮቲኖች ያመርታል፤ ነጭ የደም ሕዋሶችም ይለዩታል። ካንሰሩ ፍሬን አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ፔምብሮሊዙማብን የመሰሉ መድኃኒቶች ፍሬኑን ይለቁታል። በ2020 በወጣው ጥናት፣ በፔምብሮሊዙማብ የታከሙት በሽታው ሳይባባስባቸው የቆዩበት አማካይ ጊዜ 16.5 ወር ነበር። በኬሞ የታከሙት 8.2 ወር።

"እኛ አገር ይህን መድኃኒት ማን ይገዛዋል?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ለአብዛኛው ታማሚ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ምርመራውን ግን ከዚህ ጋር አስሮ መጣል ስህተት ነው። ደረጃ ሁለት ላይ ምርመራው የሚቆጥበው ኬሞ፣ እኛ አገር የሚሰጠውና ቤተሰብ ንብረት ሸጦ የሚከፍልለት ኬሞ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ከታማሚው አልፎ ቤተሰቡን ይነካል።

የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ

በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አልድሬድ ዋርቲን የተባለውን ፓቶሎጂስት አንዲት ልብስ ሰፊ አጫወተችው። ዘመዶቿ በሙሉ በካንሰር እየሞቱ እንደሆነና እሷም እንደነሱ እንደምትሞት ነገረችው። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቡን ታሪክ መዝግቦ በ1913 አሳተመው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሔንሪ ሊንች የሚባል ሐኪም ተመሳሳይ ቤተሰቦችን እየተከታተለ በዘር የሚተላለፍ ካንሰር መኖሩን ተከራከረ። ብዙ ሰው አልሰማውም ነበር። በ1990ዎቹ ጂኖቹ ሲገኙ ግን እውነቱ ወጣ። ጂኖቹ እነዚሁ አራት ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ናቸው። ሕመሙም ዛሬ ሊንች ሲንድረም ይባላል።

ከ100 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ሦስት ያህሉ ሊንች ሲንድረም አለባቸው። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የወረሰው ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ (በካሜራ የሚደረግ የአንጀት ምርመራ) ከተደረገለት፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው እባጭ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል።

ኤምኤስኤች2 ወይም ኤምኤስኤች6 ከጠፋ ሊንች ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ከፍተኛ ነው። ኤምኤልኤች1 ከጠፋ ግን ቶሎ መደንገጥ አያስፈልግም። በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ጂኑ ዝም ስለሚል የሚመጣ እንጂ የዘር አይደለም። በዕጢው ላይ ብራፍ የተባለው ጂን ተለውጦ ከተገኘ የዘር ያለመሆኑ ነገር ያመዝናል።

በእኛ ባህል የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ቀላል አይደለም። "አባትህ በምን ሞቱ?" ሲባል "በሆድ ሕመም" ነው መልሱ። አክስትየዋ "ማህፀኗን አሟት ነበር" ትባላለች፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። የሆዱ ካንሰር ነበር ወይ፣ የማህፀኑስ? የተጻፈ ነገር የለም። የአባትን ሕመም ስም ማንም ባያውቅም፣ የልጁ ስላይድ ላይ የጠፋው ፕሮቲን የተጻፈ ማስረጃ ይሆናል። ታማሚው ወጣት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው።

ይሄ ውጤት ድንበርም ይሻገራል። ብሪታንያ ከ2017 ጀምሮ ማንኛውም የአንጀት ካንሰር ታማሚ በዚህ መንገድ እንዲመረመር መመሪያ አውጥታለች፤ በአሜሪካም የተለመደ ሆኗል። ለንደን ወይም ዋሽንግተን የምትኖር እህት ሊንች ሲንድረም እንዳለባት ከተነገራት፣ ዜናው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለው ወንድሟም ነው። ብዙ ሰው ግን ቤተሰቡን እንዳያስጨንቅ ብሎ ይደብቃል። እባካችሁ አትደብቁ። ወንድሟ ኮሎኖስኮፒ የሚያሠራበትን ምክንያት ከእሷ በቀር ማንም አይነግረውም።

ሁለቱ ብቻ ቢቀለሙስ?

የኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ምርመራ (ይህ በአንቲቦዲ ማቅለም የሚባለው ሥራ) በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። አንቲቦዲው ከውጭ ይመጣል፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የአገልግሎት ቀኑ ያልፋል። አራት አንቲቦዲ መግዛት ለአንድ ላቦራቶሪ ቀላል ወጪ አይደለም። እዚህ ላይ ግን የፕሮቲኖቹ ጠባይ ራሱ መላ ይሰጠናል።

አራቱ የሚሠሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ኤምኤልኤች1 ከፒኤምኤስ2 ጋር፣ ኤምኤስኤች2 ከኤምኤስኤች6 ጋር። ጥንዱ ግን እኩል አይደለም። ፒኤምኤስ2 ያለ ኤምኤልኤች1 መቆም አይችልም፤ ይፈርሳል። ኤምኤስኤች6ም ያለ ኤምኤስኤች2 እንዲሁ። ኤምኤልኤች1 እና ኤምኤስኤች2 ግን ሌላ ተጣማሪ ስለሚያገኙ ጥንዳቸው ቢጠፋም ይቆያሉ። ስለዚህ ፒኤምኤስ2ን እና ኤምኤስኤች6ን ብቻ ብናቀልም፣ ኤምኤልኤች1 ጠፍቶ ከሆነ ፒኤምኤስ2 አብሮ ጠፍቶ ይታየናል። ኤምኤስኤች2 ጠፍቶ ከሆነ ኤምኤስኤች6 ይነግረናል። ሁለቱም ካሉ፣ ከጥቂት ለየት ያሉ ጉዳዮች በስተቀር፣ አራቱም አሉ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ብቻ ሌሎቹ ይጨመራሉ። ከ100 ታማሚዎች 85 ያህሉ ላይ ሥራው በሁለት አንቲቦዲ ያልቃል። ይህ አሠራር ተፈትኖ በጥናት የተደገፈ ነው። የፓቶሎጂ ክፍሎቻችን ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

በር ላይ የቆሙት

ተስፋ ከተጣለባቸው መካከል ሁለቱን ልጥቀስ። ሲዲኤክስ2 አንድን ሕዋስ የአንጀት ሕዋስ እንዲሆን የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። የእስታንፎርድና የኮሎምቢያ ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ የአንጀት ናሙናዎችን የጂን መረጃ በኮምፒውተር ፈትሸው 16 ዕጩ ጂኖች አገኙ። ሲዲኤክስ2ን የመረጡት በሆስፒታል ደረጃ የሚሠራ አንቲቦዲ ያለው እሱ ስለነበር ነው። በዚህ ምርጫ አደንቃቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ስለ ታማሚው አስበዋል። በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ደረጃ ሁለት ላይ ሆነው ፕሮቲኑ ከጠፋባቸው ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ያልተመለሰባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ፕሮቲኑ ካላቸው ግን 80 በመቶና ከዚያ በላይ። ፕሮቲኑ ከጠፋባቸው ኬሞ የወሰዱት 91 በመቶ፣ ያልወሰዱት 56 በመቶ ደህና ነበሩ።

ልብ የሚያሞቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን ያ የመጨረሻው ንጽጽር የተሠራው 23 ሰዎችን ከ25 ሰዎች ጋር በማነጻጸር ነው። ማን ኬሞ እንደሚወስድ የወሰነው ዕጣ ሳይሆን ሐኪሙ ነበር። ኢጂኤፍአርን አስታውሱ። እኔ ብሆን ፕሮቲኑ መጥፋቱን ከሌሎች ምልክቶች ጋር ደምሬ አየዋለሁ እንጂ እሱን ብቻ ይዤ አልወስንም።

ሁለተኛው ኢሚውኖስኮር ነው። የፓሪሱ ጀሮም ጋሎን በ2006 ያነሳው ሐሳብ ካንሰሩን ትቶ ካንሰሩን የሚዋጉትን ሕዋሶች መቁጠር ነው። ሲዲ3 እና ሲዲ8 የሚባሉ ፕሮቲኖች ያሏቸው ነጭ የደም ሕዋሶች በዕጢው መሀልና ዳር ላይ ይቆጠራሉ። በ2018 ከ13 አገሮች በተሰበሰቡ 2,681 ታማሚዎች ላይ ተፈተነ። በመጀመሪያው ቡድን ውጤታቸው ከፍተኛ ከሆነው 8 በመቶው፣ መካከለኛ ከሆነው 19 በመቶው፣ ዝቅተኛ ከሆነው 32 በመቶው ላይ ካንሰሩ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመለሰ። ይህ ጠንካራ ውጤት ነው። ነገር ግን ስላይዱን የሚያነብ ማሽንና ሶፍትዌር ይፈልጋል። ለእኛ ለጊዜው ሩቅ ነው።

ከደም የሚመጣ ተቀናቃኝም አለ። የአውስትራሊያው ዳይናሚክ ጥናት በ2022 ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደም ውስጥ የቀረ የካንሰር ዲኤንኤ እየፈለገ፣ ኬሞ የሚወስዱትን የደረጃ ሁለት ታማሚዎች ከ28 ወደ 15 በመቶ ዝቅ አደረገ። የበሽታው መመለስ አልጨመረም። ምርመራው ሲረክስ ብዙ የቲሹ ፕሮቲኖችን ሥራ ይወስዳል ብዬ እገምታለሁ። አራቱን ግን አይተካም። የካንሰር ርዝራዥ በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩ ኢሚውኖቴራፒ ይሠራል አይሠራም አይልም።

ናሙናው በትክክል ካልተያዘ

ይህ ሁሉ የሚቆመው በፎርማሊን ላይ ነው። የተቆረጠ አንጀት ከሰውነት ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ፕሮቲኖቹ መፍረስ ይጀምራሉ። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው ደግሞ በጣም በዝግታ ነው፤ በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ገደማ። አንጀቱ ሳይከፈት ሙሉውን ተጠቅልሎ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከገባና ፎርማሊኑ እላዩን ብቻ ካረጠበው፣ መሀሉ በነጋታው የበሰበሰ ነው። እንዲህ ያለ ናሙና ሲቀለም ጤነኛው ሕዋስ ራሱ ባዶ ይሆናል፤ ምርመራው ከሸፈ ማለት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። አንጀቱ በቁመቱ ይከፈት፤ የናሙናውን መጠን ብዙ እጥፍ የሚሆን ፎርማሊን ይደረግበት፤ አንጀቱ ከሰውነት የወጣበት ሰዓት ይጻፍ። ይህን የሚያደርገው የኦፕሬሽን ክፍሉ ነርስ ነው፤ ከማንኛውም ፕሮፌሰር ያላነሰ ድርሻ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓቶሎጂስቱ ቢያንስ 12 ንፍፊቶችን ማየት አለበት። አምስት ብቻ ታይቶ "ንጹህ ነው" ከተባለ፣ ደረጃ ሁለት የተባለው ሰው ደረጃ ሦስት ሊሆን ይችላል። የንፍፊቶቹ ቁጥር ውጤቱ ላይ መጻፉን ሳታዩ ስለማንኛውም ፕሮቲን አትጨነቁ። የሰም ብሎኩንም አትጣሉ። የታማሚው ንብረት እንደሆነ ቁጠሩትና የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ዛሬ እዚህ የማይሠራ ምርመራ ከዓመት በኋላ በዚያው ብሎክ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ምርመራው ቀዶ ሕክምናውን መጠበቅ የለበትም። ኮሎኖስኮፒ ሲደረግ የሚወሰደው ትንሽ ቁራጭ ናሙና (ባዮፕሲ) ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ፎርማሊኑ ቶሎ ይደርስበታል። ብዙ ጊዜ ከትልቁ ናሙና የተሻለ ይቀለማል። ለፊንጢጣ ካንሰር ደግሞ ይህ ከጥራት በላይ የሆነ ነገር ነው። በኒውዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ ከአራቱ ፕሮቲኖች አንዱ የጠፋባቸው የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች ዶስታርሊማብ የተባለ ኢሚውኖቴራፒ ለስድስት ወር ወሰዱ። በ2022 የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች ውጤት ሲወጣ የሁሉም ዕጢ ጠፍቶ ነበር። በ2025 ሕክምናውን የጨረሱት 49 ደርሰው ነበር፤ የ49ኙም ዕጢ ጠፋ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም፤ ጨረርም። ፊንጢጣቸው አልወጣም፤ ሆዳቸው ላይ ከረጢት አልተንጠለጠለም። ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢሠራ ኖሮ ይህ ምርጫ አይኖራቸውም ነበር። መድኃኒቱን ማግኘት የሚችል ታማሚ፣ እዚህም ሆነ ውጭ ያለ፣ ባዮፕሲው በተወሰደበት ሳምንት "አራቱ ፕሮቲኖች ይታዩልኝ" ማለት አለበት።